ስለ መቁጠሪያና ስለ ቈጣሪው ልብ

ሰው ከፈጣሪው ጋራ ለመነጋገር በሚነሣበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገርበት ነገር ቃል ማጣት ሳይሆን የሐሳብ መበተን ነው። ከንፈሩ ጸሎት ሲደግም ልቡ ገበያ ይወርዳል፤ ከባለዕዳው ጋራ ይከራከራል፤ ትናንት የሰማውን ስድብ መልሶ ያመነዥካል። ይህም ችግር የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ችግር ብቻ አይደለም። ስለዚህም በዓለም ላይ ያሉ አያሌ ሕዝቦች፥ አንዱ ካንዱ እየተማረም ሆነ እያንዳንዱ በገዛ ልቡ አስቦ፥ ወደ አንድ ዓይነት መሣሪያ ደርሰዋል፤ ይኸውም በፈትል የተሰካ ዶቃ ወይም የተቋጠረ ገመድ ነው። እኛ መቁጠሪያ እንለዋለን። እስላሞች ተስቢሕ ወይም ሙስበሓ፥ ካቶሊኮች ሮዛሪ፥ ሕንዶች ማላ፥ ጃፓኖች ጁዙ ይሉታል።

ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን በዘመናችን የሚሰማው ክርክር ነው። ከወንጌላውያን ወገን የሆኑ አንዳንድ ወጣቶች አያታቸው መቁጠሪያ ይዛ ሲያዩአት ከንቱ ድግምግሞሽ ነው ይሏታል፤ ከእስላሞችም ወገን አንዳንድ ተማሪዎች አባታቸው በሙስበሓ ሲቈጥር ሲያዩ በነቢዩ ዘመን ያልነበረ ቢድዓ ነው ይሉታል። ክርክሩ በአንድ ጣራ ሥር ስለሆነ ይመራል። በሌላ ወገን ደግሞ ከጸሎቱ ምንም የሌለበት የከተማ ሰው 108 ዶቃ ያለውን የሕንድ ማላ ከሱቅ ገዝቶ ለጌጥ በክንዱ ይጠመጥመዋል። አንዱ ይጥለዋል፥ ሌላው ያጌጥበታል፤ ነገሩ ከመሠረቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በቋንቋችን ቈጠረ እና ቋጠረ የሚሉት ሁለት ግሦች ጎረቤት ናቸው። አንዱ ቁጥርን ይናገራል፤ ሌላው ገመድን ማሰርንና በጨርቅ መጠቅለልን። መቁጠሪያ ሁለቱንም ሥራ ባንድነት ይሠራል፤ ጸሎቱን ይቈጥራል፥ የተበተነውንም ሐሳብ ይቋጥራል። የእንግሊዞችም ቋንቋ እንዲህ ያለ ነገር አለው፤ ዛሬ ዶቃን የሚጠሩበት ቢድ የተባለው ቃል ጥንት ጸሎት ማለት ነበር፤ ስሙ ከጸሎቱ ወደ መቁጠሪያው ተሻገረ።

የነገሩን ሥር ለማግኘት ወደ መዝሙረ ዳዊት መመለስ ያስፈልጋል። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ዳዊታችን በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ይደገማል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፥ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፥ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፥ ዓርብ ከ111 እስከ 130፥ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ደግሞ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ይህ ፊደል ለቈጠረ፥ ዳዊት ለደገመ ሰው ነው። ፊደል ያልቈጠረው ምን ያድርግ? በአውሮጳ ገዳማት ይህ ጥያቄ በመካከለኛው ዘመን ተነሥቶ ነበር። መነኮሳቱ 150ውን መዝሙር በላቲን ሲደግሙ፥ ማንበብ የማይችሉት የጉልበት ሥራ ወንድሞች በያንዳንዱ መዝሙር ፈንታ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይሉ ነበር። ለዚሁም መቁጠሪያ ያስፈልጋቸው ነበርና የሚቈጥሩበት ፈትል በጸሎቱ የመጀመሪያ ቃል ፓተር ኖስተር ተባለ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን።) በ13ኛው ምእተ ዓመት በፓሪስ ከተማ ይህን ፈትል የሚሠሩ ባለ እጆች በየማኅበራቸው ተከፍለው ይኖሩ ነበር፤ የአጥንትና የቀንድ ሠሪው ሌላ፥ የመርጃንና የዛጐል ሠሪው ሌላ ነበር። በሎንዶንም በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ ያለው መንገድ በዚሁ በፓተር ኖስተር ስም ይጠራል።

ኋላም በአቡነ ዘበሰማያት ፈንታ የገብርኤል ሰላምታ ገባና የእመቤታችን መዝሙር ተባለ። ሮማዊው ጳጳስ ፒዮስ 5ኛ በ1569 ሥርዐቱን አጸኑት። ዛሬ ካቶሊኮች የሚይዙት የተለመደው መቁጠሪያ 59 ዶቃ አለው፤ 53ቱ ለሰላምታው፥ 6ቱ ለአቡነ ዘበሰማያት ናቸው። እያንዳንዱን ዐሥር ሲያዞሩ ከጌታ ሕይወት አንዱን ምስጢር ያስባሉ። ምስጢሮቹ 15 ነበሩ፤ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2002 አምስት ጨምረው 20 አደረጓቸው። በዚህ ጊዜ ከመዝሙረ ዳዊት ጋራ የነበረው የ150 ልክ ፈረሰ ብለው ያዘኑ ካቶሊኮች አልታጡም። ያዘኑትን ሰዎች እንረዳቸዋለን፤ ቁጥር በጣት ላይ ለብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ አካል ይሆናልና።

የኛ መቁጠሪያ 41 ወይም 64 ፍሬ ያለው ነው። 64ቱን መምህራን በእመቤታችን ዕድሜ ይተረጕሙታል፤ 41ዱን ከጌታ ሕማማት ጋራ ያያይዙታል፤ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ የሚለው ልመናም 41 ጊዜ ወይም 12 ጊዜ ይባላል። ትርጓሜው መልካም ነው። ዳሩ ግን ለሚጸልየው ሰው የቁጥሩ ትልቁ ጥቅም ሌላ ይመስለናል፤ ይኸውም ቁጥር መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው። ገበሬ በማለዳ በሬውን ከመጥመዱ በፊት ልቡ እስኪረካ ልጸልይ ቢል አይጀምርም፤ ልብ መቼ እንደሚረካ አይታወቅምና። 41 ነው ቢሉት ግን ጀምሮ ይጨርሳል። መቁጠሪያም ባይኖረው አይቸገርም፤ ከአውራ ጣት በቀር አራቱ ጣቶች በየሦስት አንጓ 12 ይሆናሉ፤ ሦስት ጊዜ ዞሮ አምስት ቢጨምር 41 ሞላ።

አሁን ወደ ጥንቱ ወደ ግብጽ በረሓ እንሻገር፤ የክርክሩ ሁሉ ፍሬ በዚያ ይገኛልና። ጳላድዮስ በ5ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ስለ ገዳማውያን በጻፈው መጽሐፍ ፌርሜ በሚባል ተራራ ስለሚኖር ጳውሎስ ስለተባለ መነኵሴ ያወራል። ይህ ሰው ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ሥራው ጸሎት ብቻ ነበር። በቀን 300 ጸሎት ወስኖ 300 ጠጠር በእቅፉ ይሰበስብና ለያንዳንዱ ጸሎት አንድ ጠጠር ይጥል ነበር። አንድ ቀን ግን እጅግ አዝኖ ወደ እስክንድርያዊው መቃርስ መጣ። ያዘነበትም ምክንያት በአንዲት መንደር 700 ጸሎት የምታደርስ ድንግል መኖሯን ሰምቶ ነው። መቃርስም የመለሰለት ነገር እንዲህ ያለ ነው፤ እኔ እነሆ ስድሳ ዓመቴ ነው፤ በቀን መቶ ጸሎት አደርሳለሁ፤ እንጀራዬን በእጄ ሠርቼ እበላለሁ፤ ወንድሞችም ሲመጡ አነጋግራቸዋለሁ፤ ኅሊናዬም ቸልተኛ ነህ ብሎ አይከሰኝም። አንተ 300 ጸልየህ ኅሊናህ ከከሰሰህ፥ ወይ በንጽሕና አልጸለይህም፥ ወይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ መጸለይ ስትችል ትተኸዋል።

ይህን ታሪክ ባነበብነው ቍጥር አንድ ነገር ያስገርመናል። መቃርስ ጠጠሩን ጣል አላለውም፤ ቁጥሩንም አልነቀፈም፤ እርሱም ራሱ መቶውን ይቈጥር ነበር። የነቀፈው የራስን ጠጠር ከሰው ጠጠር ጋራ ማወዳደርን ነው። ጳውሎስም የታመመው ከጸሎት ማነስ ሳይሆን ከሰባት መቶዋ ድንግል ወሬ የተነሣ ነበር።

ጠጠሩ ኋላ ገመድ ሆነ። በአቶስ ተራራ የሚኖሩ የጽርእ መነኮሳት ከጥቁር ሱፍ የሚሠሩት መቁጠሪያ ዶቃ ሳይሆን ቋጠሮ ነው፤ እያንዳንዱም ቋጠሮ በመስቀል አምሳል እየተጠላለፈ ይታሰራል፤ ብዙውን ጊዜ 33 ወይም 100 ነው። በዚህም የጌታን ስም እየጠሩ ምሕረትን ይለምናሉ። በ14ኛው ምእተ ዓመት ጎርጎርዮስ ጳላማስ ስለዚህ ጸሎት ተከራክሮ ያስተማረውን የጽርእ ቤተ ክርስቲያን ተቀብላዋለች። ከዚያ ወደ መስኮብ ተሻገረ። በ19ኛው ምእተ ዓመት በመስኮብ የታተመ፥ ደራሲው ያልታወቀ፥ የአንድ መንገደኛ ታሪክ የሚባል መጽሐፍ አለ። በዚያ ውስጥ ያለ ድኻ መንገደኛ ያለማቋረጥ መጸለይ እንዴት ይቻላል ብሎ ሲጠይቅ አንድ ሽማግሌ መነኵሴ መቁጠሪያ ሰጥቶ በቀን 3,000 ጊዜ፥ ኋላ 6,000፥ ኋላም 12,000 ጊዜ የጌታን ስም እንዲጠራ ያዘዋል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ቀረ፤ ጸሎቱ ግን በራሱ ከልቡ ትርታ ጋራ ይመላለስ ጀመር። ቁጥሩ ለመሰላል ያህል ነበር ማለት ነው፤ ሰገነት የወጣ ሰው መሰላሉን አይሸከምም።

በእስላሞች ዘንድ ከአምስቱ ስግደቶች በኋላ ሱብሓነላህ 33 ጊዜ፥ አልሐምዱሊላህ 33 ጊዜ፥ አላሁ አክበር 33 ጊዜ ይባላል፤ ይህም 99 ሆኖ በአንድ የእምነት ቃል 100 ይሞላል። ሙስበሓውም ስለዚህ 33 ወይም 99 ፍሬ ነው፤ 99 የአላህ መልካም ስሞችም ቁጥር ነው። በሙስበሓ መቁጠር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ግን አዲስ አይደለም። ቲርሚዚ በሰበሰበው ሐዲስ ውስጥ ነቢዩ ሴቶችን በጣቶቻቸው እንዲቈጥሩ እንዳዘዟቸው፥ ጣቶች በፍርድ ቀን ተጠይቀው ይመሰክራሉና፥ ይነገራል። እንደዚሁም አንዲት ሴት የተምር ፍሬ ደርድራ ስትቈጥር አግኝተዋት ከዚያ ሁሉ ቁጥር የሚበልጥ አጭር ምስጋና እንዳስተማሯት ይተረካል። ፍሬውን የሚጠቅሱ አሉ፤ አጭሩን ምስጋና የሚጠቅሱም አሉ፤ ክርክሩም ከዚያ ይወጣል። በ910 የሞተው የባግዳዱ ሱፊ ጁነይድ ግን፥ አንተን የመሰለ ታላቅ ሰው ሙስበሓ ይይዛል ወይ ቢሉት፥ ወደ ጌታዬ የደረስሁበትን መንገድ አልተወውም ብሎ እንደመለሰ በተከታዮቹ መጻሕፍት ተጽፏል። መልሱን ከመስኮቡ መንገደኛ ጋራ ስናስተያየው አንዱ መሰላሉን ትቶታል፥ ሌላው ደግሞ ሰገነት ላይ ሆኖ መሰላሉን በአክብሮት ይዞታል። ሁለቱም ደርሰዋል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው በ1111 የሞተው ኢማም ጋዛሊ ያስተማረው ነው። የአላህን ስም የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ በምላሱ በግድ ይላል፤ ኋላ ምላሱ ሳይደክም ቃሉ በራሱ ይፈሳል፤ ከዚያም ፊደሉና ድምፁ ከልብ ጠፍቶ ትርጉሙ ብቻ ይቀራል ይላል። ከ1815 እስከ 1894 የኖረው የመስኮብ ጳጳስ ቴዎፋንም ጸሎት አስቀድሞ የከንፈር፥ ቀጥሎ የአእምሮ፥ ኋላ የልብ ነው ብሎ አስተማረ። በሕንዶችም የማኑ ሕግ በሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ በሹክሹክታ የሚባለው ጸሎት ከመሥዋዕቱ እንደሚበልጥ፥ የማይሰማው ከዚያ እንደሚበልጥ፥ በልብ ብቻ የሚታሰበው ከሁሉ እንደሚበልጥ ተጽፏል። ስለ እግዚአብሔር ማንነት የማይስማሙ ሦስት ወገኖች ስለ ሰው ልብ አካሄድ ግን ተስማምተዋል። እኛ ይህን ሃይማኖቶች ሁሉ አንድ ናቸው ለማለት አንጠቅሰውም፤ የሚጠሩት ስም አንድ አይደለምና። የልብን መንገድ ግን ሦስቱም በገዛ እግራቸው ሄደው ስላዩት ምስክርነታቸው ይታመናል።

የሕንዶች ማላ 108 ፍሬና አንድ ትልቅ ራስ አለው። የቪሽኑ ተከታዮች ከቱልሲ እንጨት፥ የሺቫ ተከታዮች ሩድራክሻ ከሚባል ዛፍ ፍሬ ይሠሩታል። በጠቋሚ ጣት መቁጠር በብዙዎቹ ዘንድ ነውር ነው፤ ጠቋሚ ጣት የሚከስና የሚያዝ ጣት ነው ይላሉ። ሌላም ሥርዐት አላቸው፤ ዙሩ ሲያልቅ ትልቁን ራስ አይሻገሩትም፥ ፈትሉን ገልብጠው ወደ መጡበት ይመለሳሉ እንጂ። ማሃትማ ጋንዲ ልጅ ሳለ ጋኔንና ሙት መንፈስ እጅግ ይፈራ ነበር፤ ራምብሃ የምትባል የቤታቸው ሞግዚት ስትፈራ የራማን ስም ደጋግመህ ጥራ ብላ አስተማረችው። በገዛ እጁ በጻፈው ታሪኩ ለዚያች ሞግዚት ትልቅ ምስጋና ያቀርባል። እኛም አገር ጨለማ የሚፈራን ልጅ በስመ አብ በል እንለዋለን፤ የእስላሙም እናት ቢስሚላህ በል ትለዋለች፤ ሞግዚቶች ሳይሰባሰቡ ያጸደቁት ጉባኤ ነው።

በሕንድም ከውስጥ የተነሣ ነቃፊ አልጠፋም። ካቢር የሚባለው የ15ኛው ምእተ ዓመት ሸማኔና ባለቅኔ በእስላም ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ማላ ይዘው ልባቸው በገበያ የሚንከራተተውን ብራህማኖች፥ ከማማ ላይ የሚጮኸውንም ሙአዚን ሳያዳላ ይነቅፍ ነበር። ለራሱ ግን የፈጣሪን ስም መጥራት ትልቁ ሥራው ነበር። በጃፓንም ሆኔን የተባለው መምህር (ከ1133 እስከ 1212) የአሚዳን ስም በቀን 60,000 ጊዜ ይጠራ እንደነበር ይነገራል። ደቀ መዝሙሩ ሺንራን ግን ስሙን በእምነት አንድ ጊዜ መጥራት እንኳ ይበቃል፤ የቀረው ሁሉ ዋጋ መሰብሰቢያ ሳይሆን ምስጋና ነው አለ። አስተማሪና ተማሪ በአንድ ጸሎት ላይ እንዲህ ተራርቀው ሳለ ሁለቱም በ1207 በአንድ ስደት ከዋና ከተማው ተባረሩ። አሳዳጆቻቸው በቁጥሩ ነገር መለያየታቸውን አልጠየቋቸውም።

አይሁድ መቁጠሪያ የላቸውም፤ ነገር ግን በቀን 100 ጊዜ ፈጣሪን መባረክ እንዲገባ በታልሙድ ተጽፏል፤ በልብሳቸውም ጫፍ ያለው የተቋጠረ ዘርፍ በኦሪት ዘኍልቍ እንደታዘዘው ትእዛዙን ለማሰብ ነው። ባሃኢዎችም በየቀኑ የፈጣሪን ስም 95 ጊዜ ይጠራሉ። የቲቤት ሰዎች ከዶቃው ሌላ ጸሎቱ በውስጡ የተጻፈበትን መንኰራኵር ያዞራሉ፤ ይህ ለብቻው ሰፊ ወሬ ስለሆነ እናልፈዋለን።

መቁጠሪያን የሚቃወሙት ሰዎች የሚጠቅሱት በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ያለውን ቃል ነው፤ በመናገር ብዛት የሚሰሙ እንደሚመስላቸው እንደ አሕዛብ አትሁኑ የሚል ነው። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 26 ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ በሄደ ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ እንደጸለየ ተጽፏል። እጅግ የተጨነቀ ሰው አዲስ ንግግር አያሰናዳም፤ ያንኑ ይደጋግማል። ልጁ የሞተባት እናት ምን ያህል የተለያየ ቃል ስትናገር ተሰምቷል? ስሙን ብቻ ነው የምትጠራው። የተከለከለው መደጋገሙ ሳይሆን በመደጋገሙ ብዛት ፈጣሪ የሚገደድ የሚመስለው ሐሳብ ነው፤ ይህ ሐሳብ ደግሞ መቁጠሪያ በሌለው፥ ረጅም ጸሎት በቃሉ በሚያሰናዳም ሰው ልብ ሊገባ ይችላል።

መቁጠሪያን ለመታያ የሚይዝ ሰው መኖሩን አንክድም። በአደባባይ ከረዘመ፥ በቤት ከጠፋ፥ ያ መቁጠሪያ ፈጣሪን አይቈጥርም፥ ተመልካቾችን ነው እንጂ። በዛሬው ዘመን በጣት የሚጠለቅ የኤሌክትሪክ መቁጠሪያ፥ በስልክም ላይ ቁጥር የሚመዘግብ መሣሪያ ተገኝቷል። ያልተማረውን ያህል የተማረውንም ሊጠቅም ይችላል፤ አንድ ነገር ግን ያሳስበናል። ፈትሉ ዞሮ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ የትናንቱን አይነግርህም። ስልኩ ግን የትናንቱን ከዛሬው፥ የዛሬውንም ከጓደኛህ ያወዳድርልሃል፤ ይህም ፌርሜ ላይ የነበረውን ጳውሎስን ያሳመመው ሕማም ነው።

በወሎ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ክርስቲያንም እስላምም መገኘቱ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ለቅሶ ሲሆን በአንድ ድንኳን ውስጥ የ41ዱም የ33ቱም መቁጠሪያ ጎን ለጎን ሲንቀሳቀስ ይታያል። አንዱ የሌላውን አይነካም፥ አይጠይቅም፤ ድምፁ ግን አንድ ነው፤ ደረቅ እንጨት ከደረቅ እንጨት ጋራ በቀስታ ሲገናኝ የሚሰማው። በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ ክርስቲያን እኅቶቻችንም መቁጠሪያ መያዝ ባይመቻቸው ጣታቸው አብሯቸው ነው፤ ዕቃ እያጠቡ በጣት አንጓ እግዚኦታ ማድረስ ማንም አይከለክላቸውም፥ ማንም አያይባቸውም።

የእርጅና ሕማም አእምሮአቸውን ከወሰደባቸው ሽማግሌዎች መካከል የልጆቻቸውን ስም የረሱ አሉ፤ ዕለቱን፥ ወሩን፥ ምሳ መብላታቸውንም ይረሳሉ። ጣታቸው ግን ከዕለታት ሁሉ የበለጠ ያደረገውን ሥራ ሊረሳ እንቢ የሚልባቸው ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስታምሙ ዘመዶች እንዳይጠፋበት ብለው መቁጠሪያውን ከእጁ ቢወስዱበት፥ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ይዞ፥ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፥ ስፌቱን አንድ በአንድ እየዳሰሰ መቁጠር ይጀምራል።